ሸክላው ብቻ ነው እንዴ? ስለ ካሴት ዘመን አልበሞች እናውራ

ዶሮማነቂያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ድሮ ሙዚቃ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ሸክላው ነው፣ አምሃ ሬከርድስ፣ ሙላቱ፣ ኢትዮጲክስ (የድሮ ዘፈኖቻችን የሲዲ ስብስብ)፣ ጃዝ ጃዝ ሲባል ይዋልና ወሬው እዛው ያልቃል። እኔም እወደዋለሁ፣ ማን ይጠላዋል። ግን አልበም የሚባለውን ነገር፣ ማለት ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ላይ ቆሞ የሚሄድ ስራ፣ በብዛት የሰራነው በካሴት ዘመን ነው ባይ ነኝ፣ ለዛ ዘመን ደግሞ የሚገባውን ክብር ሰጥተነው አናውቅም።

እስቲ አስቡት፣ በሸክላው ጊዜ በብዛት የሚወጣው ፊትና ጀርባው ላይ አንድ አንድ ዘፈን ያለው ትንሹ ሸክላ ነው። አምሃ እሸቴ ነፍሱን ይማረውና ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ሰዓት ደፍሮ ገብቶ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 መቶ ምናምን ትንንሽ ሸክላ አሳትሟል፣ ትልልቁ ግን ደርዘን ቢሆን ነው። ዛሬ አልበም ብለን ከምንሰማው ስንቱ ነገር ኋላ ላይ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከትንንሾቹ ለቃቅሞ በሲዲ ያሰባሰበው ነው፣ የኢትዮጲክስ የመጀመሪያዎቹ ሲዲዎች የወጡት እኮ በ1997 ነው በፈረንጆቹ። ትልቅ ውለታ ነው የዋለልን፣ ግን የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የመረጠው እሱ ነው እንጂ ዘፋኞቹ አይደሉም።

ካሴት ሲመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። ዘፋኙ አስር ምናምን ዘፈን ይዞ፣ ግጥም ከአንዱ ዜማ ከሌላው ለምኖ፣ ባንዱ ጋር ወራት ተለማምዶ ነው የሚገባው። የትኛው ዘፈን ኤ ገጽ ላይ ይከፍታል፣ የትኛው ካሴቱ ሲገለበጥ ቢ ገጽ ላይ ይቀድማል ተብሎ ይታሰብበታል። ወደፊት ማስሮጥ ቴፑንም ካሴቱንም ይጎዳል ስለሚባል ሰው ሁሉንም ይሰማዋል፣ መጀመሪያ ያልወደድከው አራተኛ ላይ ያለው ዘፈን ከወር በኋላ ዋናው ዘፈንህ ሆኖ ታገኘዋለህ። እኔ በኤፍሬም ታምሩና በሮሃ ባንድ ካሴቶች ላይ በተደጋጋሚ የደረሰብኝ ይሄ ነው፣ ሰው በየሰርጉ የሚያውቀው ሞቅ ያለውን ነው ግን የኤፍሬም ድምጽ ቢ ገጽ መሀል ላይ ቀዝቀዝ ሲል ነው ምን አይነት ዘፋኝ እንደሆነ የሚገባህ።

ከዘመኑ አንድ ምረጥ ብትሉኝ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት የነበረውን የኃይሉ መርጊያን ሸሞንሟናዬ ነው የምመርጠው፣ የ1985ቱን (በፈረንጅ)። ሰውየው ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ ለብቻው አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና ድራም ማሽን ይዞ የልጅነቱን ዜማዎች ነው የተጫወተው። አኮርዲዮኑ የድሮ የአዲስ አበባ ድምጽ ነው፣ ሲንቴሳይዘሩ ደግሞ የዛን ጊዜ አዲስ ነገር፣ ሁለቱ እንዴት ሳይጣሉ እንደሄዱ እስካሁን ይገርመኛል። ስንት አመት ተረስቶ ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ካሴቱን አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው። ባህር ዳር ሱቅ ውስጥ እኛም ነበርን እኮ፣ ለምን እኛ አላነሳነውም? ሀሳባችሁን ወርውሩ።

ሸክላ_ወዳጅ፦
ወንድሜ ለካሴት ያለህን ፍቅር አከብራለሁ ግን ሸክላውን የትንንሽ ዘፈን መሰብሰቢያ አድርገህ ማቅረብህ ልክ አይደለም። ትልልቆቹ ቁጥራቸው ያንሳል እንጂ እያንዳንዳቸው ሙሉ አልበም ናቸው። የማህሙድ አህመድ እረ መላ መላ፣ 1975 በፈረንጅ፣ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ለካይፋ ሬከርድስ የተሰራው፣ እሱን ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ አልበም አይደለም የሚል ሰው አለ? አውሮፓ ውስጥ በ1986 እንደገና ሲወጣ ነው እኮ ነጮቹ ኢትዮጵያ የምትባል የሙዚቃ አገር እንዳለች ማውራት የጀመሩት፣ ኢትዮጲክስ ሳይታሰብ በፊት።

የዋልያስ ባንድ ቸበለው ደግሞ 1977 ነው፣ ዘፋኝ የሌለበት ሙሉ ሸክላ። ሙዚቃዊ ስልት እሱ ላይ ነው ያለው። ያቺን የኦርጋን ሀረግ ዛሬ የአለም ዲጄ ሁሉ ይጫወታታል፣ ግን ሰው ነጥሎ ስለሚሰማት በዙሪያዋ ያለውን ነገር አያውቅም።

ጌታቸው መኩሪያንም አትርሳ፣ የ1972ቱ ሸክላው። ሳክስፎኑ ይሸልላል፣ ይፎክራል፣ ቃል የለውም ግን ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለህ። በዛን ጊዜ ሸክላ የሚታተመው ውጭ አገር ነበር፣ አምሃ መጀመሪያ ህንድ ኋላ ሊባኖስ ነበር የሚያሳትመው፣ ቴፑ ተልኮ ታትሞ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ገንዘብህ ታስሮ ነው የምትቆየው። በዚህ ሁሉ ወጪ ትልቅ ሸክላ ማሳተም ማለት ሰውዬው በስራው አምኗል ማለት ነው።

የጊዮኑ፦
ልጆች ጤና ይስጥልኝ። ከሁለታችሁም የምስማማበት አለ። እኔ በዛ ዘመን ወጣት ስለነበርኩ አንድ ነገር ልጨምር። ሙዚቃው ከሸክላ ወደ ካሴት የዞረው ካሴት ስለሚረክስ ብቻ አልነበረም። ደርግ ከገባ በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የማታ ህይወት ተዘጋ፣ አምሃም ተሰደደ፣ ክበቦቹም አንድ በአንድ ጠፉ። የቀረው ሆቴል ነው። ዋልያስ ሂልተን፣ ዳህላክ ጊዮን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል። የሰዓት እላፊው ሰዓት ሲደርስ በሩ ይዘጋል፣ ውስጥ ያለ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ ስትጫወት ምን ይሆናል፣ አንዱ ዘፈን ይረዝማል፣ ያለ ዘፋኝ በመሳሪያ ብቻ የሚሄደው ይበዛል፣ ቤዙና ድራሙ ይግባባሉ። እናንተ በካሴቶቹ ላይ የምትሰሙት መግባባት የመጣው ከዚያ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ካሴት ልጥቀስላችሁ፣ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሰራው ወደ ሐረር ጉዞ፣ በ1978 እ.ኤ.አ.። የተቀዳው እዚያው ጊዮን ውስጥ ነው። ድምጹን ስሙት፣ ስቱዲዮ አይደለም፣ አዳራሹ ይሰማል፣ ጊታሩ ወደ አንድ ጥግ ኦርጋኑ ወደ ሌላው ነው ያለው፣ ሰው እዛ ቦታ ቆሞ የሚሰማ ነው የሚመስለው። ለእኔ ከቸበለው ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል። ቸበለው የተጠና ነው፣ ይሄኛው ግን ሰዎቹ ማታ ማታ የሚጫወቱትን ነው የተጫወቱት።

ዶሮማነቂያ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አርጎ የነገረኝ ሰው የለም። ወደ ሐረር ጉዞ በ2016 እ.ኤ.አ. ፈረንጅ እንደገና ካሳተመው በኋላ ነው እኔ በደንብ የሰማሁት፣ አዳራሹ ይሰማል ያሉት ልክ ኖት። እርሶ ስለነበሩበት ልጠይቅዎት፣ ካሴቱ ያኔ ሲወጣ ሰው ይገዛው ነበር ወይስ ዘፋኝ ስለሌለበት አልታየም?

የጊዮኑ፦
ይገዛ ነበር ልጄ። ቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች በብዛት ይገዙት ነበር። ዘፋኝ ሲኖር ደንበኛ ወሬውን ያቆማል፣ በመሳሪያ ብቻ ሲሆን ግን ይጫወታል። እቤቱ የሚገዛው ግን ጥላሁንን ነው፣ ምኒልክ ወስናቸውን፣ ብዙነሽን። ጥላሁንን ማንም አያክለውም።

ሰራተኛሰፈሯ፦
እንደምን ዋላችሁ። እስካሁን አንድ ሴት በስም የጠሩት ጋሼ ብቻ ናቸው፣ እሱም በመጨረሻዋ መስመር ላይ ብዙነሽን። ስለ አልበም እያወራን አስቴር አወቀ ሳትነሳ እንዴት ይሆናል?

ለእኔ የአስቴር ካቡ (1991 በፈረንጅ) ከሁሉም ኢትዮጵያዊ አልበሞች በላይ ነው፣ ይሄን ስል በደንብ አስቤበት ነው። ከሱ በፊት በ1989 እንግሊዝ አገር የወጣው በስሟ የተሰየመው አለ፣ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል፣ በሱ ነው አለም ያወቃት። ግን እሱ ላይ አስቴር ራሷን እያስተዋወቀች ነው፣ ካቡ ላይ ግን የምታስተዋውቀው ነገር የለም፣ ዝም ብላ ነው የምትዘፍነው። ድምጿን አንድ ቦታ ላይ ይዛ ትቆይና ትሰነጥቀዋለች፣ ከስንጥቁ ውስጥ ሌላ ድምጽ ይወጣል፣ ትንፋሿ ሲገባ ሁሉ ይሰማል። ኢርፎን አርጋችሁ ስሙት። እናቶቻችን ለቅሶ ላይ የሚያወርዱት ነገር ነው እሱ፣ ስቱዲዮ ያስተማራት አይደለም።

ሌላው፣ የካሴት ዘመን የሴት ዘፋኞች ዘመን ነው። በዛወርቅ አስፋው፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ሐመልማል አባተ፣ ማርታ አሻጋሪ። በዛወርቅ ትዝታ ስትዘፍን ሌላው ሰው ለምን እንደሚሞክር አይገባኝም። ደግሞ ግጥሙን የጻፉትን አንርሳ፣ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ስንት ወንድ ዘፋኝ አፍ ላይ ቃል አስቀምጣለች፣ ሸዋሉል መንግሥቱም ከሷ በፊት። ወንዱ ለፍቅር ሲለማመጥ የምትሰሙት ብዙው ቃል ሴት የጻፈችው ነው።

ቤዝ_አራትኪሎ፦
እህቴ ካቡ ላይ ከጎንሽ ነኝ። እኔ ቤዝ ስለምጫወት ከባንዱ በኩል ልናገር፣ ምክንያቱም በኛ አገር አልበም ሲባል ፎቶው የዘፋኙ ነው፣ ስሙ የዘፋኙ ነው፣ ካሴቱ ወረቀት ላይ የባንዱ ስም ከታች በጥቃቅን ፊደል ከሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር በታች ነው የሚጻፈው፣ የተጫዋቾቹ ስም ጭራሽ የለም።

አይቤክስና ሮሃ አንድ ቤት ናቸው፣ አይቤክስ ነው ኋላ ሮሃ የሆነው። ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ሰላም ስዩም ሊድ ጊታር፣ ፈቃደ አምደመስቀል ሳክስ፣ ዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ። ጥላሁንም፣ ማህሙድም፣ ኤፍሬምም፣ ነዋይም በነሱ ላይ ነው የቆሙት። እረ መላ መላን ክፈቱና ዘፈኑን ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉት። ችክችካ ምት ስድስት ስምንተኛ ነው፣ በሶስት ሶስት ልትቆጥረው ትችላለህ በሁለት ሁለትም ትችላለህ፣ ጆቫኒ በሁለቱ መሀል ነው የሚራመደው፣ ድራሙ ወደ አንዱ ሲያደላ እሱ ወደ ሌላው ያደላል፣ ለዛ ነው ትከሻህ ሳታዝዘው የሚንቀሳቀሰው። ሰላም ደግሞ ጊታሩን ክራር እንደሚመታ ነው የሚመታው፣ አጭር አጭር፣ ኮርድ ዘርግቶ አይተኛበትም።

አይቤክስ በ1976 እ.ኤ.አ. ራስ ሆቴል የቀዱት በመሳሪያ ብቻ የሆነ ስራ አላቸው፣ ያልሰማችሁ ስሙት፣ እኔ የተማርኩት ከሱ ነው።

ከዶሮማነቂያ ጋር የማልስማማው ግን እዚህ ጋ ነው። ሸሞንሟናዬን ከሁሉም በላይ ማስቀመጥህ አይዋጥልኝም። ቆንጆ ስራ ነው፣ ግን ድራም ማሽን ነው። ድራም ማሽን አይሰማህም፣ አንተ ትሰማዋለህ እንጂ እሱ አንተን አይሰማህም። ኃይሉ ለብቻው ስለሆነ ግድ ሆኖበት ነው የተጠቀመው። ሌሎቹ ግን ወጪ ለመቀነስ ብለው ገቡበት፣ ከዛ በዘጠናዎቹ አንድ ሰው ኪቦርድ ላይ ሁሉንም ይሰራና አንድ ሳክስ ተጨምሮበት አልበም ተባለ። ባንዶቹ የሞቱት ያኔ ነው። ብዙ ጓደኞቼ መሳሪያ ሸጠው ሌላ ስራ ገቡ።

ዶሮማነቂያ፦
ቤዙን ተከተሉ ያልከውን ሰርቼ ነው የምመልስልህ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳዳምጠው ነበር፣ አክብሬሃለሁ። በድራም ማሽኑ ላይ ግን አልለቅህም። ሸሞንሟናዬ ላይ ድራም ማሽኑ አይለወጥም፣ ልክ ነህ፣ ግን አይለወጥም ስለሆነ ነው አኮርዲዮኑ ነጻ ሆኖ የሚንከራተተው። ብቻውን የሆነ ስደተኛ ሰው ያገሩን ዜማ ሲጫወት የሚመልስለት ባንድ የለም፣ ያ ብቸኝነት ድምጹ ውስጥ አለ። ባንድ ቢኖረው ሌላ አልበም ይሆን ነበር፣ ጥሩ አልበም፣ ግን ይሄኛው አይሆንም። ሰውዬው ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ስንት አመት ኖሮ እንደገና መድረክ ላይ ወጥቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ላላ በሉን ሲያወጣ ከባንድ ጋር ነው የሰራው፣ ሁለቱን አስተያያቸውና ንገረኝ።

ሀያሁለት_ማዞሪያ፦
እኔ አጭር ነገር ነው ያለኝ። ሙሉቀን መለሰ። ከዳህላክ ጋር የሰራው። አለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ከገባ በኋላ ሰው የተወውን ድምጽ እያሰበ ነው የኖረው፣ በኛ አቆጣጠር በ2016 ሚያዝያ ላይ አሜሪካ ሲያርፍ ያዘንኩት ሀዘን ለዘመድ የማዝነውን ነው። ከሁሉም ድምጾች የሱ ነው ለኔ፣ ከጥላሁንም በላይ፣ የፈለገ ይቆጣ።

የጊዮኑ፦
አልቆጣም ልጄ፣ ሙሉቀን ሙሉቀን ነው። ጥላሁን ግን በኛ በ2001 የፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር ነው ያለቀሰው።

ነጸብራቅ_ልጅ፦
ሰላም ጋሼዎችና ብሮዎች፣ ሁላችሁም የምታወሩት እኔ ሳልወለድ ስለነበረው ነው፣ አልበም ግን አሁንም አለ እኮ። የሮፍናን ነጸብራቅ በኛ በ2010 ሲወጣ እኔ ሃይስኩል ነበርኩ፣ ከመጀመሪያው ትራክ እስከ መጨረሻው አንድ ጉዞ ነው፣ ኤሌክትሮኒክ ነው ግን ከስር ያለው ምት የኛ ነው፣ ክፍለ ሀገሩን ሁሉ እየዞረ የሰበሰበው ድምጽ ነው የሚመስለኝ ስሰማው። ቤዝ አራት ኪሎ ማሽን ሙዚቃ ገደለ ትላለህ፣ ሮፍናን ማሽኑን አገርኛ አስተማረው ነው የምለው እኔ።

ቴዲ አፍሮንም አልጠራችሁም። ጥቁር ሰው በ2004 ሲወጣ ከተማው በሙሉ፣ ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሱቁ፣ አንድ አልበም ነበር የሚጫወተው፣ ኢትዮጵያ የተባለው አልበሙ ደግሞ በ2009 ወጥቶ ቢልቦርድ የወርልድ አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ። ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

ሰራተኛሰፈሯ፦
ወንድሜ ትንሽ ነገር አይደለም። ቴዲ ስራውን እንደ አልበም ነው የሚያስበው፣ አመታት ይቆያል፣ ያወጣል፣ ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ ይሰማል፣ የካሴት ዘመንን ልማድ ያቆየው እሱ ነው ማለት ይቻላል። እኔ የምመርጠው ግን አቡጊዳን ነው፣ ድምጹ ገና ለጋ ነው፣ የኤልያስ መልካ ቅንብርም አለበት። ኤልያስ ነፍሱን ይማረው፣ በ2012 መስከረም ነው ያጣነው፣ ዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበሟን፣ ሚካያ በኃይሉን ሸማመተውን የሰራ ሰው ነው። ሸማመተው ላይ ድምጿ አይጮህም፣ ቅንብሩም ቦታ ይለቅላታል፣ አቀናባሪ ዘፋኝን ሲያከብር ይሄን ይመስላል።

ሸክላ_ወዳጅ፦
የጂጂን የ2001 (በፈረንጅ) አልበም ማንም አላነሳውም? አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው፣ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ የሚባሉ የጃዝ ታላላቆች ያሉበት። አድዋ፣ አባይ፣ ጉራማይሌ እዚህ ላይ ናቸው። ያኔ ፈረንጅ አበዛችበት ያለ ሰው ብዙ ነበር፣ እኔ ግን እነዛ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ገብተው ድምጿን አንድ ስንዝር ሊያነቃንቁት አለመቻላቸውን ነው የምሰማው። የኛን ቅኝት ሊያስተካክሉት አልሞከሩም፣ እሷን ነው የተከተሉት።

ቤዝ_አራትኪሎ፦
ጂጂ ላይ እስማማለሁ ግን የኔ ምርጫ እሷው ያለችበት፣ በ2003 በፈረንጅ የወጣው የአቢሲኒያ ኢንፊኒት ጽዮን ሩትስ ነው። አኩስቲክ ነው፣ ብዙ ነገር ተቀንሷል፣ የአገር መሳሪያው ፊት ለፊት ነው ያለው። የ2001ዱ ላይ ድብ ድብ የሚለው ቤዝ (ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው) አንዳንዴ እሷን ይሸፍናታል። ይሄንን እንደ ቤዝ ተጫዋች ስናገር ይከብደኛል።

ነጸብራቅ ልጅ ለተባልከው፣ ሮፍናን ማሽኑን አገርኛ አስተማረ ያልከው ትክክል ነው፣ የኔ ቅሬታ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ለማሽን ያልተጨነቀው ሰው ላይ ነው።

ዶሮማነቂያ፦
አሁን ዋናውን ነገር ላንሳው፣ ይሄን ውይይት የከፈትኩበትን። እነዚህ ካሴቶች እየሞቱ ነው። ሸክላው ባለቤት አገኘ፣ ፈረንጅ በውድ ዋጋ ስለሚገዛው ተሰበሰበ፣ ታጠበ፣ እንደገና ታተመ። ካሴቱ ግን ማንም አይፈልገውም። ማስተር ቴፑ ሙዚቃ ቤቶቹ ጋ ነበር፣ ሙዚቃ ቤቶቹ ደግሞ ስንቶቹ ተዘግተዋል። አንድ የማልጠራው ሙዚቃ ቤት የድሮ ማስተሮቹን ቦታ ስላጣበቡ ጥሏቸዋል ብሎ አንድ እዛ ይሰራ የነበረ ሰው ሲነግረኝ ያን ቀን ምግብ አልበላሁም። እኛ ሰፈርም በኛ በ2016 ሲፈርስ ስንቱ ሰው ካሴቱን በካርቶን አውጥቶ መንገድ ላይ ትቶ እንደሄደ በአይኔ አይቻለሁ።

ዩቲዩብ ላይ አለ ትሉኛላችሁ። ያለው ከተዳከመ ካሴት በተዳከመ ቴፕ የተገለበጠ ነው፣ ፍጥነቱ ልክ አይደለም፣ አንዳንዱ ላይ ኤፍሬም የአስራ አምስት አመት ልጅ ይመስላል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ድምጹ ተጎትቶ ሽማግሌ። መሀል ላይ የቻናሉ ሰውዬ ሰብስክራይብ አድርጉ ይላል። የዘፈኖቹ ተራ ተበትኗል፣ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ አይጻፍም፣ ይልማ ገብረአብና አበበ መለሰ የሚባሉ ሰዎች የዛን ዘመን ግማሽ ሰርተው ስማቸው የለም። የቅጂ መብት አዋጅ 410 በኛ በ1996 ወጥቷል፣ ከዛ በፊት የተሰራው ግን ባለመብቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ እንኳን ከባድ ነው፣ ባለመብቱ ካልታወቀ ደግሞ ማንም ገንዘብ አውጥቶ አያድሰውም።

ሀያሁለት_ማዞሪያ፦
እናቴ ጋ ሁለት ሻንጣ ካሴት አለ። አብዛኛው ኦሪጅናል ነው፣ ወረቀቱም ሽፋኑም አለ። ማጫወቻ ግን የለንም፣ ምን ላድርግ?

ቤዝ_አራትኪሎ፦
አትንካቸው! ማለቴ ባገኘኸው ቴፕ አታጫውታቸው፣ የቆየ ቴፕ ላስቲኩ ይቀልጥና ክሩን ይበላዋል። መጀመሪያ ካሴቶቹን ቀጥ አርገህ አቁማቸው፣ ከፀሐይና ከድምጽ ማጉያ ራቅ አርገህ፣ ማግኔት ጠላታቸው ነው። ከመቅዳትህ በፊት እያንዳንዱን በእርሳስ ቀስ ብለህ አዙረው፣ ክሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ከሆነ እጅህ ላይ ይታወቅሃል፣ ከከበደህ ተወው ለባለሙያ ነው። ጥሩ ዴክ (ካሴት ማጫወቻ) ስታገኝ ሄዱን፣ ማለት ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በንጹህ አልኮል በጥጥ ጠርገው፣ ቡናማ ነገር ይወጣል፣ እሱ እስኪጠፋ ድረስ ጥረግ። ከዛ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር፣ ሳትጨምቅ፣ በኤምፒስሪ ሳይሆን በዋቭ፣ ሙሉውን ኤ ገጽ ባንዴ ሙሉውን ቢ ገጽ ባንዴ ቅዳው፣ ዘፈን በዘፈን አትቁረጠው። ፍጥነቱን ኋላ ላይ እናስተካክለዋለን፣ ሳክሱ ያለበት ቦታ ላይ ፒያኖ ይዤ ቶኑን አገኘዋለሁ።

ሰራተኛሰፈሯ፦
ወረቀቶቹንም ፎቶ አንሳቸው፣ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የውስጡን ገጽ፣ ግጥም የማን ዜማ የማን የሚለው እዛ ላይ ነው ያለው። የእናትህ እጅ ጽሁፍ ያለበት ካለም እንደዛው አንሳው፣ ሰው መቼ እንደገዛው ይጽፍ ነበርና አመተ ምህረቱን ከዛ ነው የምናገኘው።

ነጸብራቅ_ልጅ፦
እኔ ኮምፒውተርና ሳውንድ ካርድ አለኝ፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ እመጣለሁ። ግን ከዛ በፊት ለኔ አንድ ነገር ንገሩኝ፣ ካሴት ሰምቼ አላውቅም፣ ከነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የቱን ልስማ?

የጊዮኑ፦
ወደ ሐረር ጉዞን ልጄ፣ ማታ።

ሰራተኛሰፈሯ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ካቡን ነው መስማት ያለበት። ወንድሜ፣ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ ሙሉውን ስማው፣ ዘፈን አትዝለል። ካልገባህ ደግሞ በሳምንቱ እንደገና ስማውና እዚህ መጥተህ ተከራከረኝ፣ የትኛው ዘፈን ላይ እንደቆምክ ንገረኝ።

ዶሮማነቂያ፦
ሀያሁለት፣ የሻንጣዎቹን ዝርዝር እዚህ ብትጽፍልን፣ የዘፋኙ ስም፣ ባንዱ፣ ሙዚቃ ቤቱ። የሙሉቀን ካለ ከሱ ጀምር። ዴክ እኔ ጋ አለ፣ ሁለት ሄድ ነው ግን ላስቲኩ አዲስ ነው፣ ፒያሳ ወይም አንተ በሚመችህ ቦታ ላመጣልህ እችላለሁ።